ከወይራው ሥር ያለው አግዳሚ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ከጎረምሳነቴ ጀምሮ የሰው ጭንቅላት ሳገላብጥ የኖርኩ፣ ሰውን ደግሞ ወንበር ላይ አስቀምጠው አንገቱ ላይ ጨርቅ ካሰሩለት የማይዘከዝከው ጉድ የለም፣ አንዱ ወንዝ ዳር የማትታይ ሴት ስታለቅስ ሰማሁ ይላል፣ አንዱ ከአማኑኤል ሲመለስ እግሩ ወደ ኋላ የዞረ ሰውዬ መንገድ ላይ ገጠመኝ ይላል፣ ሌላው የሞተ አጎቱ በር አንኳኩቶ ውኃ ለምኖታል። እኔ ቶንዶሴን እያስጮህኩ «እህ፣ ከዚያስ?» እላለሁ፣ በሆዴ ግን «አረቄውን ቀነስ አድርገው ወንድሜ» ነው የምለው። እንዲያውም ያንን እግሩ የዞረ ሰውዬ ያየውን ደንበኛዬን «ፊቱ እያለ እግሩን ምን አሳየህ?» ብዬው አኩርፎ ሌላ ፀጉር ቤት ሄደ፣ እዚያም ጆሮ ግንዱ ላይ አይጥ የበላው አስመስለው ላኩት፣ ይበለው።

ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ እንዴት እንደምታዩኝ አውቃለሁ፣ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማያችሁ። ግን እመኑኝ፣ ሌሊት አልነበረም፣ መቃብር አጠገብ አልነበርኩም፣ አንዲት ጠብታም አልቀመስኩም። ሰዓቱ ገና ከቀኑ አሥራ አንድ ገደማ ነው፣ ቦታው ደግሞ መቀመጫ ነው፣ መንገደኛ አረፍ የሚልበት አንድ ተራ የእንጨት አግዳሚ።

መቀመጫ ስላችሁ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚህ ከተማ መቀመጫ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ኮብልስቶን የሚነጠፍበት፣ ከተማው ሁሉ የድንጋይ ጠረባ ድምፅ የሆነበት ዘመን ነበር፣ መንገድ ተሠራ፣ ፎቅ ተሠራ፣ በየማዕዘኑ ካፌ ተከፈተ፣ የሰው ቂጥ የት ይረፍ ብሎ ያሰበ ግን አንድም አልተገኘም። ካፌ ብትገቡ ገና ጉልበታችሁ ሳይታጠፍ አስተናጋጁ «ምን ይምጣ?» ብሎ ይቆምባችኋል፣ «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» ብትሉት ወንበሩን ከሥራችሁ ሊስበው ምንም አይቀረው። ከተማ እናስውባለን ያሉ ሰዎች አንድ ጊዜ የሚያማምሩ አግዳሚዎች አሠርተው ሣር መሀል ተከሉ፣ እሰይ አልን፣ ከዚያ ሣሩ እንዳይረገጥ ብለው ዙሪያውን በሽቦ አጠሩና በሩን ቆለፉት፣ ይኸው ሰው መቀመጫውን በሽቦ ቀዳዳ እያየ ያልፋል፣ ላሞች ግን በታች በኩል ሾልከው ገብተው ያመሰኩበታል። ሌላው የሲሚንቶ ነው፣ ጠዋት አጥንት ይሰብራል፣ ከሰዓት ቆዳ ይልጣል፣ ያም አልበቃ ብሎ ወደ ፊት ያዘነበለ ስለሆነ ተቀመጥኩ ብላችሁ ስትንሸራተቱ ነው የምትውሉት። የሠራው ሰው ራሱ ተቀምጦበት እንደማያውቅ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እምላለሁ።

ሕዝቡም ያው ነው። ያገሬ ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ዱላው ላይ ሰቅሎ፣ ቆሞ ማረፍ ይችልበታል፣ ድንጋይ ካገኘ ደግሞ ዙፋን ነው፣ «መቀመጫ ይሠራልን» ብሎ የሚጠይቅ አፍ የለውም። ላልጠየቀ ማን ይሠራል።

ይህ ሁሉ ለእኔ ቀልድ ነበር፣ አባቴ እስኪመጡ ድረስ። አባቴ የአምበር ገበሬ ናቸው፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት፣ በዚያ ዓመት ክረምቱ መውጫ ላይ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሲያስቸግር አምጥቼ ሆስፒታል አስተኛኋቸው። ሐኪሙ ሲያስወጣቸው ወደ ጎን ወሰደኝና «ልባቸው ደክሟል፣ ከሆስፒታል እንዳይርቁ፣ አምበር ከተመለሱ ትንፋሽ ያጠራቸው ዕለት የሚደርስላቸው የለም» አለኝ። ቀጠለና «ደግሞ ተኝተው አይዋሉ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ፣ ደከም ሲላቸው ወዲያው ቁጭ ይበሉ» አለ። ወዲያው ቁጭ ይበሉ! የት? ሐኪሙ መኪና አለው፣ ምን ያውቃል።

አባቴ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው መሰሏችሁ። ካፌ እናስገባቸው ስንል «ሳልበላ ሳልጠጣ የሰው ቤት ምን አስቀመጠኝ» ይላሉ፣ ሻይ ይጠጡ ስንል «ጾም ነው፣ ሰዓቱ አልደረሰም» ይላሉ፣ የመንገድ ጠርዝ ላይ አረፍ ይበሉ ስንል «ለማኝ ነኝ እንዴ?» ብለው ያፈጡብናል። እና ቆመው፣ የሰው ግንብ ተደግፈው፣ ከንፈራቸው እንደ ወይን ጠቁሮ፣ እንደዚያ ሆነው ነበር የሚያርፉት። ብዙ ቀን እንኳ አልቆዩም፣ አንድ ምሽት ጋቢያቸውን ተከናንበው «ልጄ ይበልጣል፣ አምበር መልሰኝ» አሉኝ። «መንገደኛን ቁጭ በል የማይል አገር፣ አገር አይደለም።»

ባለቤቴ ባንቺ ለመነች፣ እኔም ለመንኩ፣ ወይ ፍንክች። መመለስ ማለት መቅበር እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮኛል፣ እሳቸው ደግሞ አንዴ ካሉ አሉ ነው። እንግዲህ በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ፣ እንደ እብድ፣ መቀመጫ ፍለጋ ከተማውን ማሰስ ጀመርኩ። ሰው ቤት ይፈልጋል፣ ሥራ ይፈልጋል፣ ሚስት ይፈልጋል፣ እኔ አግዳሚ እፈልጋለሁ፣ ሳቁ።

አገኘሁትም። ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከትልቅ ወይራ ሥር፣ መደገፊያ ያለው፣ እጅ ማሳረፊያ ያለው፣ ለሽማግሌ ጉልበት ተለክቶ የተሠራ የሚመስል አግዳሚ። ጥላው ደስ ይላል፣ ነፋሱ አይመታም፣ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ የጮቄ ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። ማን እንደሠራው የሚያውቅ አልነበረም። የገረመኝ ግን ሰው የሚርመሰመስበት መንገድ ሆኖ አንድ ሰው እንኳ አልተቀመጠበትም፣ ሽቅብ ሲወጣ የዛለው ሁሉ ማዶ ያለው ሻካራ ድንጋይ ላይ ነው እየተደራረበ የሚያርፈው። እዚያው ማዶ በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት ነበረች፣ እሷም ድንጋይ ላይ።

«እህቴ፣ ይህ መቀመጫ የማን ነው?» አልኳት።

«የማንም አይደለም።»

«ታዲያ እዚህ ጥላ ሥር ብትሆኚ አይሻልሽም?»

በቆሎዋን ገለበጠችና «ድንጋዬን ለምጄዋለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። «እርስዎ መቀመጥ ይችላሉ፣ ማን ከለከለዎት።»

ለአህያ ማር አይጥማትም አልኩ በሆዴ። ይህ ሕዝብ ደህና ነገር ሰጥተኸው አያውቅበትም፣ ድንጋይ የለመደ ቂጥ እንጨት ይኮሰኩሰዋል ብዬ፣ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ ሰው ካልተሻማበት ለአባቴ ይሆናል።

ሆነላቸውም። አባቴ አግዳሚውን ገና ሲያዩት ፊታቸው ፈካ፣ በእጃቸው ዳሰሱት፣ «ይህን የሠራ ሰው እናቱ ትባረክ» አሉ፣ ከዚያ ሄደው ከቀኙ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «መሀል ላይ ይሁኑ እንጂ፣ ሰፊ ነው» ብላቸው በከዘራቸው ግራውን ጠቆም አድርገው «ያ የሰው ቦታ ነው» አሉኝ። አየሁት፣ እውነትም በግራ በኩል ጣውላው ጎድጎድ ብሎ ለስልሷል፣ ብዙ ዘመን አንድ ሰው ብቻ የተቀመጠበት ይመስላል፣ ቀኙ ግን ከአናጢው እጅ እንደወጣ ነው። ልብ አላልኩትም።

ከዚያ በኋላ የአምበር ነገር ተረሳ። በየቀኑ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ብቻቸውን ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፣ እኔ አሥራ አንድ ሲል ሱቄን ለአፍታ እዘጋና ሄጄ ደግፌ አመጣቸዋለሁ። ከንፈራቸው ቀላ፣ እህል መብላት ጀመሩ፣ ሐኪሙ ሳይቀር «ምን አደረጋችኋቸው?» አለኝ። «አስቀመጥናቸው» አልኩት፣ የገባው አይመስለኝም።

እንግዲህ አንድ ቀን ልወስዳቸው ስሄድ ከሩቅ አየኋቸው። አባቴ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ፣ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ወደ ቁልቁለቱ እያዩ ጮክ ብለው «ኖር!» አሉ። እናንተም ታውቁታላችሁ መቼም፣ ታላቅ ሰው ሲመጣ የተቀመጠ ሁሉ ተነስቶ ኖር ይላል፣ መጪው «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል፣ ይቀመጣል፣ ያን ጊዜ ሌላውም ይቀመጣል። አባቴ ይህን ነገር እንደ ጸሎት ነው የሚይዙት፣ እኔ ደግሞ ሱቄ ውስጥ ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ደንበኛ ለእያንዳንዱ ገቢ ኖር እያለ ብድግ ሲልብኝ ስንቱን ጆሮ ልቆርጥ ስለነበር በጣም ነው የምጠላው። አሁን ግን ቁልቁለቱን ባየው ሰው የለም። አንድ ባጃጅ ብቻ እያቃሰተ ይወጣል፣ እሱም ገና ሩቅ ነው። አባቴ ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ሰው ያስቀመጡ ይመስል ወደ ጫፉ ጠጋ ብለው ቁጭ አሉ። ባለ በቆሎዋ አንገቷን ደፍታ ፍሟን ትቆሰቁሳለች።

«አባዬ፣ ለማን ነው የተነሱት?»

«ለሰውየው ነዋ።»

«ለየትኛው ሰውዬ?»

እሳቸው አዘኑልኝ እንጂ አልደነገጡም። «እኒህ ጋቢ የደረቡት ሽማግሌ፣ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ሽቅቡን ሲወጡ እዚህ ያርፋሉ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ አያወሩም፣ ዝም ብለው ተቀምጠው ዝም ብለው ይሄዳሉ» አሉኝ።

ደሙ ጭንቅላታቸው አልደረሰም አልኩ። ሐኪሙንም ጠየቅኩት፣ «በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል» አለ፣ ሐኪም ያልገባውን ነገር ሁሉ በዕድሜ ነው የሚያሳብበው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ፣ እመኑኝ፣ ልወስዳቸው ስሄድ ጆሮዬ አላርፍ አለኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን ከታች በኩል ኮብልስቶኑ ላይ ቋ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ቋ ይላል፣ ዱላ ተመርኩዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ዓይነት፣ አግዳሚው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ ጣውላው በግራ በኩል ቂው ይላል። መልስ አላጣሁለትም፣ ቋ የሚለው የወይራ ፍሬ ነው፣ ቂው የሚለው ዝናብ የጠጣ እንጨት ሲደርቅ ነው አልኩ፣ የወይራው ፍሬ ግን ገና ጥሬ ነበር፣ ዝናቡም አላባራም። ይህንንም ልብ አላልኩትም፣ ወይም ልብ ማለት አልፈለግሁም።

ነገሩን ያከረረው አንድ ደንበኛዬ ነው። ፂሙን እየላጨሁት «እኒያ የአምበሩ አባትህ ለማን ነው እዚያ የሚሰግዱት?» አለና ሱቅ የሞላውን ሰው አሳቀብኝ። እኔ በሰው የምስቅ ሰው፣ ሲሳቅብኝ አልችልም። ተናደድኩ። የዛሬን ብቻ አልኩ፣ ዛሬ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ራሴ እቀመጥበታለሁ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ሰውየው ከመጣ ይምጣና ጭኔ ላይ ይቀመጥ፣ አባቴም ማንም እንደሌለ አይተው ይተዉታል፣ ጥሩ አግዳሚያችን ላይ እንደ ሰው ተቀምጠን እንኖራለን።

የዚያን ዕለት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ ዝናብ ግን አልጣለም። ሄጄ ከአባቴ በስተግራ፣ እዚያ የጎደጎደው ላይ ዘፍ አልኩ። እንጨቱ ሞቀኝ። ፀሐይ የሌለበት ቀን ነው፣ ማንም አልተቀመጠበትም፣ ግን አሁን ሰው የተነሳበት አልጋ ሆኖ ሞቀኝ። አባቴ ዞር ብለው አዩኝና «እዚህ ና፣ በዚህ በኩል ሁን» አሉ። «ይመቸኛል» አልኳቸው። ባለ በቆሎዋ እጇ ላይ የያዘችውን እሸት ሳትገለብጠው አረረባት።

ከዚያ ከታች ቋ አለ። ዛሬ ምክንያት ልሰጠው አፌን ሳልከፍት ደግሞ ቋ አለ፣ ቀረበ፣ ደግሞ ቀረበ፣ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ አያለሁ፣ ምንም የለም፣ ድምፁ ግን ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ። በዚሁ ጊዜ ካፊያ ጀመረ፣ ያ ደቃቅ ካፊያ፣ ኮብልስቶኑን በአንድ ጊዜ አጠቆረው። ሁሉንም አላጠቆረውም። ከጉልበቴ ፊት፣ እግሬን ብዘረጋ በምደርስበት፣ ሁለት የጫማ ያህል ቦታ ደረቅ ሆኖ ቀረ፣ ከጎናቸው ደግሞ የዱላ ጫፍ የምታህል አንዲት ክብ። የወይራው ቅጠል ያዘው እንዳልል ዙሪያው ሁሉ ረጥቧል።

አባቴ ተነሱ። «ኖር!» አሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ «ተነስ፣ መጥተዋል» አሉኝ።

«ማንም የለም አባዬ፣ ይቀመጡ።»

«ቦታቸው ነው፣ ተነስ።»

«ቦታው የመንገደኛ ሁሉ ነው፣ እኔም መንገደኛ ነኝ» አልኩ።

አባቴ ቀና አሉ። «እንግዲያው እኔም እቆማለሁ፣ ሽማግሌ ቆሞ እኔ አልቀመጥም» ብለው ከዘራቸውን ያዙ።

ግትርነት ካያችሁ ያን ቀን ማየት ነበር፣ የአባትና የልጅ። እኔ እዚያ የሞቀ እንጨት ላይ ተጣብቄ፣ እሳቸው ካፊያው ራሳቸው ላይ እየወረደ። መጀመሪያ ትንፋሻቸው ፉጨት አወጣ፣ ከዚያ ትከሻቸው መነሳትና መውደቅ ጀመረ፣ ከንፈራቸው ሲጠቁር አየሁ፣ እንደ መጡ ሰሞን። «አባዬ ይቀመጡ በእናትዎ!» ብዬ ክንዳቸውን ሳብኩ፣ እንደ ግንድ ተገተሩብኝ። ፈራሁ፣ ሰውየውን ሳይሆን እሳቸው እዚያው በክብር ቆመው እንዳይሞቱብኝ። ያቺ ባለ በቆሎ ከድንጋይዋ ላይ ብድግ ብላ «ጋሼ፣ ይነሱ እንጂ! አባትዎን ሊገድሏቸው ነው እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ።

ተነሳሁ። ፊት ለፊቴ ለነበረው ለዚያ ባዶ ነገር ራሴን ዝቅ አድርጌ «ኖር» አልኩ፣ በሕይወቴ ከልቤ ያልኩት የመጀመሪያ ኖር እሱ ይመስለኛል።

«በእግዜር» አለኝ።

ከነፋስ አይደለም፣ ከሐሳቤም አይደለም፣ ከጆሮዬ አጠገብ፣ እኔን በሚያህል ቁመት፣ ዳገት የወጣ ሰው በሚናገርበት በደከመ ድምፅ። ደግ ድምፅ ነበር፣ እስከዛሬ የሚያስፈራኝም ደግነቱ ነው። ከኋላዬ ጣውላው ቂው አለ፣ አባቴ ቁጭ አሉ፣ ትንፋሻቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። መሬቱን አየሁ፣ እነዚያ ሁለት ደረቅ ቦታዎች ካፊያው እየነጠበባቸው እንደ ሌላው ጠቆሩ።

አባቴን ደግፌ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። ቤታችን ሲቃረብ «ሰምተዋል አይደል?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ሲመልሱልኝ። በእግዜር ሲሉኝ።»

አባቴ ቆሙ። እጄን ከክንዳቸው ሥር አውጥተው አንጓዬን ጨብጠው ያዙኝ፣ ልጅ ሳለሁ ገበያ ውስጥ እንዳልጠፋባቸው እንደሚይዙኝ። «መለሱልህ?» አሉ፣ ድምፃቸው ተቀየረ። «እኔ ይህን ያህል ቀን ብድግ ስልላቸው አንድም ቀን መልሰውልኝ አያውቁም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ብጠይቅ አልነገሩኝም፣ ራታቸውንም አልበሉም። ጠዋት ስነሳ ልብሳቸውን ለባብሰው፣ ዕቃቸውን በነጠላ ቋጥረው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «አምበር መልሰኝ» አሉ። ሐኪሙ ያለውን ደገምኩላቸው፣ ባንቺ እግራቸው ላይ ወደቀች፣ እኔ ሌላ መቀመጫ እፈልጋለሁ አልኩ፣ ራሴ አናጢ ቀጥሬ ደጃችን ላይ አሠራለሁ አልኩ። «ሐኪሙ የሚያውቀው የኔን ልብ ነው፣ ያንተን ነገር አያውቅም» አሉኝ። «አንተ እዚያ የምትመላለሰው ለኔ ብለህ ነው፣ እኔ ከሄድኩ አትሄድም። ሁለተኛ እዚያ ላትቀመጥ አባቴ ይሙት በል።» አባቴ ይሙት አልኩ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ። መኪና ውስጥ መስኮት ዳር አስቀመጥኳቸው፣ ከጎናቸው ባዶ የነበረው ወንበር ላይ ቋጠሯቸውን አኖሩበት፣ አንዲት ሴት «ሰው አለው?» ስትል ደንግጠው «አለው» አሏት።

መሐላዬን አላፈረስኩም፣ ይህን እወቁልኝ። እዚያ ቁልቁለት ዳግመኛ አልረገጥኩም፣ ደንበኞቼ ሲያወሩ «ከዚያስ?» ማለትም ትቻለሁ። አባቴ ግን ኅዳር አልወጣላቸውም፣ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠራቸው፣ ሐኪሙ እንዳለው የደረሰላቸው የለም። ለኔ ብለው ነው የሄዱት፣ ከምን እንዳዳኑኝ እንኳ አላውቅም፣ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ለቅሶው አምበር ነው። የእድሩ ድንኳን ጢም ብሎ ነበር፣ አግዳሚዎቹ ላይ ሰው ተጣቦ፣ የተረፈው በር ላይ ቆሞ። እኔ በአጎቴ ልጅና በአንድ ጎረቤት መሀል ተጨንቄ፣ አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬት አያለሁ፣ ሐዘንተኛ ባይነሳ ማንም አይቀየመውም፣ ማን ገባ ማን ወጣ ብዬም አላየሁም። ድንገት ቀና ስል ድንኳኑ ሙሉ ሰው ቆሟል፣ ሽማግሌው፣ ጎልማሳው፣ ቄሱ ሳይቀሩ፣ ሁሉም ወደ በሩ እያየ። በሩ ላይ አዲስ የገባ ሰው የለም።

«ማን መጣ?» አልኩት የአጎቴን ልጅ።

ግራ ተጋብቶ አየኝ። «እኔ ምን አውቄ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ኖር ብለህ ብድግ ያልከው? ካንተ በኋላ ነው የተነሳነው።»

እግሬን አየሁት፣ ቆሜያለሁ። ምንም ትዝ አይለኝም፣ አፌን መክፈቴም፣ ግን ከሁሉም ቀድሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ቆሜያለሁ።

ቄሱ ትንሽ ጠበቁና «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አሉ። ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ተቀመጠ። የአጎቴ ልጅም ተቀመጠ፣ ግን ቀድሞ ከነበረበት ራቅ ብሎ፣ ራቅ ማለቱንም ልብ ያለው አይመስለኝም፣ በእኔና በእሱ መሀል አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ክፍት ሆነ። በር ላይ ያን ያህል ሰው ቆሞ እያለ፣ ማንም መጥቶ አልተቀመጠበትም። እንጨቱ አጠገቤ ቂው ሲል ሰማሁ፣ ትንሽ ጠጋ አልኩለት።